የአንካራ ሦስቱ ምክር ቤቶች፦ የሕንፃው ግዝፈትና የድምፁ ክብደት

የቱርክ ታላቁ ብሔራዊ ምክር ቤት በጁላይ 2024 መጨረሻ ላይ የሀገሪቱ ጦር የባሕር ክልሏን ጨምሮ በሶማሊያ ለሁለት ዓመታት እንዲሰማራ የቀረበለትን የፕሬዚዳንቱን ጥያቄ አጸደቀ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 11 ቀን፣ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትርና የሶማሊያው ፕሬዚዳንት በዚያችው ከተማ ተገናኝተው በሁለቱ ሀገራት መካከል ለወራት የዘለቀውን ውጥረት ያረገበውን የአንካራ ስምምነት ይፋ አደረጉ። ሁለቱም ውሳኔዎች የአፍሪካ ቀንድን የሚነኩ፣ ሁለቱም ከአንካራ የወጡ ናቸው። የወጡበት ቤት ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው በሕዝብ እንደራሴዎች አዳራሽ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ፤ ሁለተኛው በፕሬዚዳንቱ ቅጥር ግቢ በመሪዎች ድርድር ተፈጸመ።

ይህ ልዩነት የአንድ ዓመት ክስተት ብቻ አይደለም። የቱርክ የመቶ ዓመት የፖለቲካ ታሪክ በአብዛኛው ውሳኔ ከየትኛው ቤት ይወጣል የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው። ጥያቄውን በመጽሐፍ ከማንበብ ባሻገር በእግር ተዘዋውሮ ማየትም ይቻላል። የቱርክ ምክር ቤት ከተመሠረተበት ከ1920 ጀምሮ ሦስት ሕንፃዎችን ተጠቅሟል፤ ሦስቱም ዛሬ ድረስ ቆመዋል፤ ሁለቱ ሙዚየም ሆነዋል፤ ሦስተኛው በሥራ ላይ ነው። ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለንግድ ወደ አንካራ የሚሄድ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊም ሦስቱን በአንድ ቀን ሊያዳርሳቸው ይችላል።

በየአንዳንዱ በር ላይ ሲደርስም ሁለት ጥያቄዎችን ይዞ ቢገባ መልካም ነው። በዚህ ቤት በሩ ለማን ተከፈተ? የገባውስ ሰው ከፊቱ የቀረበለትን ሐሳብ «እምቢ» ማለት ይችል ነበር ወይ? የአንድ ምክር ቤት ክብደት የሚለካው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እንጂ በእምነበረዱ ስፋት አለመሆኑን ሦስቱ ሕንፃዎች በየተራ ይመሰክራሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጣሪያ ሸክላው ከየቤቱ የተለቀመለት ቤት

የመጀመሪያው ሕንፃ የሚገኘው ኡሉስ በተባለው የአንካራ አሮጌ ማዕከል ነው። ግንባታው የተጀመረው በ1915 ሲሆን ዓላማውም ለምክር ቤት ሳይሆን በጊዜው ኢምፓየሩን ይመራ ለነበረው ለኅብረትና ዕድገት ፓርቲ መሰብሰቢያ እንዲሆን ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት በሽንፈት ሲጠናቀቅ ፓርቲው ፈረሰ፤ ሕንፃውም ሳይጠናቀቅ ቀረ።

ማርች 16 ቀን 1920 የድል አድራጊዎቹ መንግሥታት ኢስታንቡልን በይፋ ያዙ። እንደራሴዎች ታሰሩ፤ የኦስማኖች የመጨረሻው ምክር ቤት ሥራውን አቋረጠ፤ በኤፕሪል 11 ደግሞ በሱልጣኑ ትእዛዝ ተበተነ። በሙስጠፋ ከማል የሚመራው የአናቶሊያ ተቃውሞ እንቅስቃሴ በአንካራ አዲስ ምክር ቤት እንዲሰበሰብ ጥሪ ሲያደርግ በከተማዋ ለዚህ የሚበቃ ሌላ ሕንፃ ስላልነበረ ይህ ያላለቀ ቤት ተመረጠ። ጣሪያው አልተከደነም ነበርና የአንካራ ነዋሪዎች ከየቤታቸው የጣሪያ ሸክላ እያወረዱ አመጡ። ለእንደራሴዎቹ መቀመጫ የሚሆን የተማሪ ዴስክ ከትምህርት ቤት መጣ፤ ለመብራት የሚሆን የነጭ ጋዝ ፋኖስም ከቡና ቤት ተወሰደ።

ምክር ቤቱ የተከፈተው ኤፕሪል 23 ቀን 1920 ነው። ዕለቱ ሆን ተብሎ የተመረጠ ጁምዓ ነበር። እንደራሴዎቹና የከተማዋ ሕዝብ ከኡሉስ በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ርቀት ላይ በሚገኘው በሐጂ ባይራም መስጂድ የጁምዓን ሶላት ሰገዱ። ከዚያም በሰልፍ ወደ ሕንፃው አመሩ፤ በበሩ ላይ ዱዓ ተደረገ፤ የመሥዋዕት እንስሳትም ታረዱ። የመጀመሪያውን ስብሰባ የከፈቱት በዕድሜ ታላቅ የነበሩት የሲኖፕ እንደራሴ ሸሪፍ ቤይ ናቸው። በማግስቱ ሙስጠፋ ከማል አፈ ጉባኤ ሆነው ተመረጡ።

ዛሬ ይህን አዳራሽ የሚጎበኝ ሰው በመጀመሪያ የሚያስገርመው ትንሽነቱ ነው። በዴስኮቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ምድጃው፣ የተናጋሪው መድረክና የአፈ ጉባኤው ወንበር ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከአዳራሹ ውጪ እንደራሴዎቹ ይሰግዱበት የነበረ አነስተኛ የጸሎት ክፍል አለ። በዚያ ዘመን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ስለ ሹራ፣ ማለትም ስለ ምክክር፣ የሚናገር የቁርኣን አንቀጽ ተሰቅሎ ነበር። በጃንዋሪ 1921 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ አንቀጽ ደግሞ ሉዓላዊነት ያለ ቅድመ ሁኔታ የሕዝቡ መሆኑን ደነገገ። ያ ቃል ዛሬ በሦስተኛው ሕንፃ አዳራሽ ከአፈ ጉባኤው ወንበር በላይ በትልቁ ተጽፎ ይታያል።

የሁለቱን ጥያቄዎች መልስ በዚህ ቤት እንፈልግ። በሩ ለማን ተከፈተ? ጥምጥም ለጠመጠሙ ዓሊሞች፣ ለሱፊ ሸኾች፣ ለጦር መኮንኖች፣ ለጠበቆች፣ ለነጋዴዎች፣ ለኩርድ የጎሳ አለቆች ተከፍቷል። ለሴቶች ግን አልተከፈተም። «እምቢ» ማለትስ ይቻል ነበር? በሚያስገርም ሁኔታ አዎን። ያ ምክር ቤት ሕግ አውጪም አስፈጻሚም ነበር፤ ሚኒስትሮችን የሚመርጠውም የሚሽረውም እርሱ ነው። በ1921 የበጋ ወራት የግሪክ ጦር ወደ አንካራ ሲቃረብ ምክር ቤቱን ወደ ካይሴሪ ለማዛወር ሐሳብ ቀረበ፤ እንደራሴዎቹ ግን ከከተማዋ አንወጣም አሉ። በኦገስት 5 ቀን 1921 ለሙስጠፋ ከማል የጠቅላይ አዛዥነትን ልዩ ሥልጣን ሲሰጡም ለሦስት ወር ብቻ ገድበው ነው። ጊዜው ባለቀ ቁጥር ክርክሩ እንደገና ይነሣል። በሜይ 1922 ምክር ቤቱ ሥልጣኑን ለማራዘም የሚያስፈልገው ድምፅ ሳይገኝ ቀርቶ፣ ሙስጠፋ ከማል ራሳቸው መጥተው ከተናገሩ በኋላ ብቻ ነው ያራዘመው። ጠላት ደጃፍ በቆመበት ሰዓት አዛዡን በየሦስት ወሩ መልስ ስጠን የሚል ምክር ቤት በታሪክ ብዙ አይገኝም።

ይህ ነፃነት ግን ዕድሜው አጭር ነበር። የተቃዋሚው ቡድን ብርቱ ተናጋሪ የነበሩት የትራብዞን እንደራሴ አሊ ሹክሩ ቤይ በማርች 1923 ተገደሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ምክር ቤቱ አዲስ ምርጫ እንዲካሄድ ወሰነ፤ ከዚያ ምርጫ የተገኘው ሁለተኛው ምክር ቤት ተቃዋሚዎቹን ከሞላ ጎደል አላቀፈም። ሪፐብሊክ የታወጀው በዚሁ አዳራሽ ኦክቶበር 29 ቀን 1923 ነው። በጁምዓ ሶላትና በዱዓ የተከፈተው ይህ ቤት በማርች 3 ቀን 1924 ኺላፋን የሚሽር ሕግ አወጣ። ውሳኔው ከአንካራ አልፎ ከህንድ እስከ ግብፅ የሙስሊሙን ዓለም ያናወጠ ነበር። ሕንፃው አንድ፣ አዳራሹም አንድ ቢሆንም ዴስኮቹ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ግን ሌሎች ነበሩ።

ያጌጠው ቤትና ጸጥታው

ከመጀመሪያው ሕንፃ ወጥቶ ጥቂት መቶ ሜትሮች ቁልቁል የሚወርድ ሰው ሁለተኛውን ያገኛል። አርክቴክቱ ቬዳት ቴክ ሲሆን በ1923 የነደፈውም ለሪፐብሊካዊው ሕዝብ ፓርቲ መሰብሰቢያ እንዲሆን ነበር። የመጀመሪያው ሕንፃ ስለጠበበ ምክር ቤቱ በኦክቶበር 1924 ወደዚህ ተዛወረ፤ እስከ 1960ም ቆየበት። ዛሬ የሪፐብሊክ ሙዚየም ነው። የሴልጁክና የኦስማን ጌጥ የተዋሐደበት የፊት ገጽታው፣ ኮከብ እየመሰለ የተሠራው የእንጨት ጣሪያው፣ ከፍ ብሎ የተሠራው የእንግዶች መቀመጫው ከቀዳሚው ቤት ድህነት ፍጹም የተለየ ነው።

የኢትዮጵያና የቱርክ ግንኙነት የዘመናዊው ምዕራፍ መነሻም ከዚህ ሕንፃ ዘመን ጋር ይገጥማል። ኦስማኖች በ1912 በሐረር ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ከፍተው ነበር፤ አዲሲቱ ሪፐብሊክ ደግሞ ከሰሐራ በስተደቡብ የመጀመሪያ የሆነውን ኤምባሲዋን በ1926 የከፈተችው በአዲስ አበባ ነው። ያን ጊዜ የቱርክ ምክር ቤት ወደ ሁለተኛው ሕንፃ ከገባ ሁለት ዓመት ገደማ ነበር።

የቤቱ ውበት ግን በውስጡ ይሰማ ከነበረው ድምፅ ጋር አይመጣጠንም። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል እንደራሴ መሆን የሚቻለው በአንድ ፓርቲ ዝርዝር በመካተት ብቻ ነበር። ሙስጠፋ ከማል በኦክቶበር 1927 ለስድስት ቀናት የዘለቀውን ረጅም ንግግራቸውን ያደረጉት እዚህ ነው። የአረብኛውን ፊደል በላቲን የተካው የ1928 ሕግ የወጣውም እዚህ ነው። ኅብረተሰብን ከሥር የሚለውጡ ሕጎች ያለ ተቃውሞ ድምፅ አለፉ። በአንጻሩ በሩ ለአዲስ እንግዳ ተከፍቷል፦ በዲሴምበር 1934 ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ፤ በተከታዩ ዓመትም የመጀመሪያዎቹ ሴት እንደራሴዎች ገቡ። በሩ ሰፋ፤ የ«እምቢ» ድምፅ ግን አልተመለሰም።

ሚዛኑ የተለወጠው በሜይ 14 ቀን 1950 ነው። በዚያ ምርጫ ሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ ተሸነፈ፤ ሥልጣኑንም በሰላም አስረከበ። አዲሱ ምክር ቤት ገና በወሩ፣ ጁን 16 ቀን፣ አዛን በአረብኛ እንዳይደረግ ለዓመታት ጸንቶ የቆየውን ክልከላ አነሣ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ተቃዋሚ ሆኖ የተቀመጠው የቀድሞው ገዢ ፓርቲ ውሳኔውን አለመቃወሙ ነው። ለሙስሊም ጎብኚ ይህ አዳራሽ ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰው በዚህ ሊሆን ይችላል፤ የሕዝቡ ፍላጎት በምርጫ ሣጥን አልፎ እስከ ሚናሬቱ የደረሰው ከዚህ ነውና።

ነገር ግን በምርጫ ያሸነፈ ወገንም ድምፅ ማፈን ይችላል። በኤፕሪል 1960 ገዢው ዴሞክራት ፓርቲ ከራሱ እንደራሴዎች ብቻ የተውጣጣ፣ የፍርድ ቤት ያህል ሥልጣን ያለው መርማሪ ኮሚሽን በተቃዋሚዎች ላይ አቋቋመ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሜይ 27 ቀን፣ ጦሩ መንግሥቱን ገለበጠ። ጠቅላይ ሚኒስትር አድናን ሜንዴሬስና ሁለት ሚኒስትሮቻቸው በ1961 ተሰቀሉ። የሁለተኛው ሕንፃ የምክር ቤትነት ታሪክ በዚህ ተዘጋ። በኋላም እስከ 1979 ድረስ ቱርክ፣ ኢራን፣ ፓኪስታንና ብሪታኒያ አባል የነበሩበት የሴንቶ የጦር ቃል ኪዳን ዋና ጽሕፈት ቤት ሆኖ አገለገለ፤ በ1981 ሙዚየም ሆነ።

ግዙፉ ሕንፃ

ከኡሉስ በሜትሮ ሁለት ፌርማታ ተጉዞ ኪዚላይ የወረደ ሰው በአታቱርክ ጎዳና ወደ ደቡብ ጥቂት እንደተራመደ ሦስተኛውን ሕንፃ ያያል። በ1938 የተካሄደውን ዓለም አቀፍ ውድድር ተከትሎ የተመረጠው የኦስትሪያዊው አርክቴክት የክሌመንስ ሆልዝማይስተር ንድፍ ነበር። ሆልዝማይስተር በዚያው ዓመት ናዚዎች ሀገሩን ከያዙ በኋላ በቱርክ በስደት የኖረ ሰው ነው። የመሠረት ድንጋዩ በኦክቶበር 1939 ተቀመጠ፤ ይሁንና የዓለም ጦርነቱና የገንዘብ እጥረቱ ሥራውን አጓተቱት። ሕንፃው ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 1961፣ ከመፈንቅለ መንግሥቱ ማግስት ነበር። የሪፐብሊኩን ክብር እንዲያሳይ የታቀደው ቤት የተከፈተው ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት በሌለበት ሰዓት መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው።

በቅጥር ግቢው ውስጥ የሚገኘው መስጂድ ለብቻው መታየት ይገባዋል። አርክቴክቶቹ አባትና ልጅ ቤህሩዝ ቺኒጂና ጃን ቺኒጂ ናቸው፤ በ1989 ተጠናቀቀ። የተለመደው የኦስማን ጉልላትና ቀጥ ያለ ሚናሬት የለውም። በቂብላው በኩል ያለው ግድግዳ መስታወት ስለሆነ ሰጋጁ ከፊት ለፊቱ ዝቅ ብሎ የተሠራ የአትክልት ስፍራና የውኃ ገንዳ ያያል። መስጂዱ በ1995 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አግኝቷል። በመጀመሪያው ሕንፃ አንዲት ጠባብ ክፍል ከነበረው የጸሎት ስፍራ ጋር ሲነጻጸር የሃይማኖትና የመንግሥት ጉዳይ በቱርክ የተጓዘበትን ረጅም መንገድ ያስታውሳል።

ያ መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም። በሜይ 2 ቀን 1999 ከኢስታንቡል የተመረጡት መርቬ ካቫክቺ ሒጃባቸውን ለብሰው ወደ አዳራሹ ሲገቡ በተነሣው ተቃውሞ ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ ወጡ። ሕዝብ የመረጣቸው ሴት በአለባበሳቸው ምክንያት ወንበራቸውን አጡ። ሒጃብ የለበሱ አራት ሴት እንደራሴዎች ያለ ግርግር በዚያው አዳራሽ ለመቀመጥ የቻሉት ከአሥራ አራት ዓመታት በኋላ፣ በኦክቶበር 31 ቀን 2013 ነው። በማርች 1994 ደግሞ ያለመከሰስ መብታቸው የተነሣባቸው የኩርድ እንደራሴዎች ከምክር ቤቱ ደጃፍ ተይዘው ተወስደዋል፤ ከእነርሱ አንዷ ሌይላ ዛና በ1991 ቃለ መሐላቸው ላይ በኩርድኛ አንድ ዓረፍተ ነገር በመጨመራቸው ብርቱ ቁጣ ቀስቅሰው ነበር። «በሩ ለማን ተከፈተ» የሚለው ጥያቄ በዚህ ሕንፃ ለሃይማኖተኛውም ለኩርዱም በየተራው መራራ መልስ ሰጥቷል።

ስለ «እምቢ» ማለት ግን ሦስተኛው ሕንፃ የሚኮራበት አንድ ቀን አለው፤ ማርች 1 ቀን 2003። በዚያ ዕለት መንግሥት እስከ 62 ሺህ የሚደርሱ የአሜሪካ ወታደሮች በቱርክ ምድር ሰፍረው ከሰሜን በኩል ወደ ኢራቅ እንዲሻገሩ ፈቃድ ጠየቀ። ገዢው ፓርቲ ከ550 መቀመጫዎች ከ360 በላይ ይዞ ነበርና ብዙዎች ውጤቱን አስቀድሞ የታወቀ አድርገው ቆጥረውት ነበር። ድምፅ ሲቆጠር 264 ደገፉ፣ 250 ተቃወሙ፣ 19 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ደጋፊዎቹ ቢበልጡም በስብሰባው ከተገኙት ከግማሽ በላይ መሆን ነበረባቸውና ሦስት ድምፅ ጎደላቸው፤ ጥያቄው ወደቀ። ዋሽንግተን የጦር ዕቅዷን ለወጠች። ኢራቅን ከጦርነት ባያድናትም፣ ጦርነቱ ከሰሜን በኩል በቱርክ ምድር እንዳያልፍ ያገደው ይህ ድምፅ ነበር። በራሱ ፓርቲ መንግሥት ላይ ድምፅ የሰጠ እንደራሴ መኖሩ በመላው የመካከለኛው ምሥራቅ በአድናቆት ታየ።

ከአሥራ ሦስት ዓመታት በኋላ ቤቱ ራሱ ዒላማ ሆነ። በጁላይ 15 ቀን 2016 ሌሊት በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው ወቅት የጦር አውሮፕላኖች ምክር ቤቱን በቦምብ ደበደቡት። አፈ ጉባኤው ኢስማኢል ካህራማንና ከተለያዩ ፓርቲዎች የመጡ እንደራሴዎች በአዳራሹ ተሰብስበው ነበር፤ ፍንዳታው ሲበረታ ወደ ምድር ቤቱ መጠለያ ወረዱ። በማግስቱ አራቱም ፓርቲዎች መፈንቅለ መንግሥቱን የሚያወግዝ የጋራ መግለጫ አወጡ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ይህ ሕንፃ ለቱርኮች የቢሮ ሕንፃ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ዛሬ በአዳራሹ የቀረው

ከዚያ ሌሊት አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 16 ቀን 2017 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ፣ 51.4 በመቶ የሚሆነው መራጭ የፕሬዚዳንታዊ ሥርዓትን ደገፈ። ከ2018 ምርጫ በኋላ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን ተሰረዘ፤ ሚኒስትሮች ከምክር ቤቱ ውጪ በፕሬዚዳንቱ ይሾማሉ፤ ምክር ቤቱ መንግሥትን በመተማመኛ ድምፅ ማውረድ አይችልም። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቆሞ ለእንደራሴዎች ጥያቄ መልስ ሲሰጥ በቴሌቪዥን የተመለከተ ሰው በአንካራ ተመሳሳዩን አያገኝም፤ የቱርክ እንደራሴዎች ለሚኒስትሮች የሚያቀርቡት ጥያቄ አሁን በጽሑፍ ሆኗል። በሌላ በኩል የእንደራሴዎቹ ቁጥር ከ550 ወደ 600 አድጓል። ወንበር ተጨመረ፤ ከወንበሩ ጋር የሚሄደው ሥልጣን ግን ተቀነሰ።

የሥርዓቱ ደጋፊዎች ምክንያት አላቸው። በ1970ዎቹና በ1990ዎቹ ጥምር መንግሥታት በተከታታይ እየወደቁ ሀገሪቱን ለምጣኔ ሀብት ቀውስና ለጦሩ ጣልቃ ገብነት አጋልጠዋታል፤ በቀጥታ በሕዝብ የተመረጠ ጠንካራ አስፈጻሚ ግን ፈጥኖ ይወስናል ይላሉ። የአንካራ ስምምነት ዓይነቱ ድርድር በፍጥነት ፍሬ ማፍራቱንም ማሳያ ማድረግ ይችላሉ። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ፈጣን ውሳኔ ሁሉ ትክክለኛ ውሳኔ አይደለም፤ የ2003ቱ «እምቢታ» በዛሬው ሥርዓት ሊደገም መቻሉ ያጠራጥራል ይላሉ።

እውነታው በሁለቱ መካከል ነው ማለት ሳይሆን፣ ምክር ቤቱ በእጁ የቀሩትን መሣሪያዎች እንዴት ይጠቀምባቸዋል የሚለውን ማየት ይበልጣል። ጦርን ወደ ውጭ ሀገር የመላክ ፈቃድ ዛሬም የምክር ቤቱ ነው፤ የሶማሊያው ጉዳይ ወደዚያ አዳራሽ የመጣው ለዚህ ነው። ዓለም አቀፍ ውሎችን ማጽደቅም እንዲሁ፤ ስዊድን ኔቶን እንድትቀላቀል የሚፈቅደው ሰነድ ለወራት ከቆየ በኋላ በጃንዋሪ 2024 በ287 ድጋፍና በ55 ተቃውሞ አልፏል። ሕገ መንግሥቱን ለመለወጥ ደግሞ 400 ድምፅ፣ ወይም ጉዳዩን ወደ ሕዝበ ውሳኔ ለመውሰድ 360 ድምፅ ያስፈልጋል። በ2023ቱ ምርጫ ገዢው ጥምረት ሁለቱንም ቁጥር አላገኘም። ስለ አዲስ ሕገ መንግሥት በተነሣ ቁጥር ድርድሩ ወደ ምክር ቤቱ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሳበው የኩርዶች ጉዳይ ነው። በኦክቶበር 2024 የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሲከፈት የብሔርተኞቹ ፓርቲ መሪ ዴቭሌት ባህቸሊ ለኩርድ ደጋፊው ፓርቲ እንደራሴዎች እጃቸውን ዘርግተው ሰላምታ ሰጡ። ያ የእጅ ሰላምታ ብዙ ነገር አስከተለ፤ በእስር ላይ ያሉት አብዱላህ ኦጃላን በፌብሩዋሪ 2025 ድርጅታቸው እንዲፈርስ ጥሪ አቀረቡ፤ በሜይ ፒኬኬ መፍረሱን አስታወቀ፤ በጁላይ በሰሜን ኢራቅ የመጀመሪያዎቹ የጦር መሣሪያዎች ተቃጠሉ። በኦገስት 5 ቀን 2025 በአፈ ጉባኤ ኑማን ኩርቱልሙሽ ሰብሳቢነት የብሔራዊ አንድነት፣ የወንድማማችነትና የዴሞክራሲ ኮሚሽን በምክር ቤቱ ሥራ ጀመረ። በ1994 የኩርድ እንደራሴዎች ከበሩ የተወሰዱበት ቤት፣ ለአራት አሥርት ዓመታት አሥር ሺዎችን የቀጠፈውን ግጭት ለመዝጋት የሚመከርበት ቤት ሆነ። ሰላሙ ሕጋዊ መሠረት እንዲኖረው ከተፈለገ የሚያስፈልገው ሕግ ከዚህ አዳራሽ ውጪ ከየትም አይመጣም።

ለጎብኚው

ሦስቱን ሕንፃዎች ማየት የሚሻ ሰው በተሠሩበት ቅደም ተከተል ቢሄድ ይመከራል። በሐጂ ባይራም መስጂድ ጀምሮ በ1920 የተሄደበትን መንገድ ተከትሎ ወደ መጀመሪያው ሕንፃ፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛው ይውረድ። ሁለቱም የሙዚየም ሰዓት ስላላቸው የመክፈቻ ቀኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይበጃል። ሦስተኛው በሥራ ላይ ያለ ምክር ቤት እንደመሆኑ ጎብኚው ፓስፖርቱን ወይም የመኖሪያ ፈቃዱን መያዝ፣ ለጥበቃ ፍተሻ መዘጋጀትና ጉብኝቱን ቀደም ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ኤፕሪል 23 ቀን የሚደርስ ሰው ደግሞ ዕለቱ የብሔራዊ ሉዓላዊነትና የሕፃናት ቀን ስለሆነ በአፈ ጉባኤው ወንበር ላይ ሕፃን ልጅ የሚቀመጥበትን ልማድ በከተማዋ ሁሉ ሲወራ ይሰማል።

በኡሉሱ አዳራሽ የተማሪ ዴስኮች ፊት የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከሦስቱ ሕንፃዎች በጣም ድሃው፣ ጣሪያው በልመና የተከደነው፣ መብራቱ በውሰት የመጣው ቤት አዛዡን በየሦስት ወሩ የሚጠይቅ ነበር። ግዙፉ ሕንፃ ደግሞ በሦስት ድምፅ ጉድለት የዓለምን ኃያል ጦር መንገድ ያስቀየረበት ቀን ነበረው። ሹራ የግድግዳ ጌጥ ሳይሆን ተግባር የሚሆነው የሚመካከረው ሰው «አይሆንም» የማለት ዕድል ሲኖረው ነው። በሶማሊያ ዳርቻ ስለሚንቀሳቀሱ መርከቦችም ሆነ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ተራሮች ስለሚጠበቀው ሰላም በአንካራ ቀጣዩ ድምፅ ሲሰጥ፣ የአፍሪካ ቀንድ አንባቢ ስንቱ እጅ እንደወጣ ብቻ ሳይሆን ሳይወጣ መቅረት ይችል የነበረው እጅ ስንት እንደሆነም ቢጠይቅ ተገቢ ነው።